ብሎኑን ከመፍታትዎ በፊት

ጥገና ጠረጴዛዬ ላይ ከሚቀመጡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የገቡ ናቸው። ባለቤቶቻቸው «ራም (ላፕቶፑ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ባስጨምር ዋስትናው ይፈርሳል?» ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ለመሆኑ ዋስትና አለው?

ማጣራቱ ቀላል ነው። ከላፕቶፑ ሥር ያለውን መለያ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ። ማብቂያ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ዋስትናው በየትኛው አገር እንደሚሠራም ይመልከቱ። አሜሪካ ብቻ የሚሠራ ዋስትና ዕቃውን መልሶ የሚወስድ መንገደኛ ላላገኘ ሰው ወረቀት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ሳይሳቀቁ ያስከፍቱት። እዚሁ ከሱቅ ከገዙት ግን ደረሰኙን ያንብቡ። «ከተከፈተ አይመለስም» የሚል ማኅተም ካለበት ራሙን ሻጩ ራሱ እንዲጨምርልዎ ያድርጉ፤ የጨመረውንም እዚያው ደረሰኝ ላይ ይጻፍልዎ።

አሜሪካ ለሚኖሩ ሕጉ የተሻለ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ «የእኔን መለዋወጫ ካልገዛህ ዋስትና የለህም» እንዳይል በአብዛኛው ይከለክላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለስድስት ኩባንያዎች በዚሁ ጉዳይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል፤ «ይህ ተለጣፊ ከተነሣ ዋስትና የለም» የሚለው ጽሑፍም ከተነቀፉት አንዱ ነበር። ስለዚህ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበትን ዲስክ) ቀይረው ስክሪኑ በራሱ ቢበላሽ መብትዎን ይጠይቁ። ኤስኤስዲውን ሲያስገቡ ማስገቢያውን ከሰበሩት ግን ወጪው የእርስዎ ነው። ፕሮሰሰርን (የላፕቶፑን ዋና ቺፕ) ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥም እንዲሁ ነው፤ የፕሮሰሰር አምራቹ የኢንቴል መደበኛ ዋስትና በዚያ የመጣ ጉዳትን አይሸፍንም።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ላፕቶፑ ራም የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጡ። የማክቡክ ኤር ራም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የሚባሉት የራም ዓይነቶች ደግሞ ጠርዛቸው ላይ ያለው ክፍተት ቦታ ይለያያል፤ አልገባ ካለ በኃይል አይጫኑት።

አሁን ወደ ብሎኑ። የላፕቶፕ ክዳን ብሎኖች ሁሉም እኩል ይመስላሉ፤ ነገር ግን በማጠፊያው በኩል ያሉት ብዙ ጊዜ ረዘም ይላሉ። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ አስገብተው በካቻቪቴ ቢያጠብቁት ጫፉ ቦርዱን ወይም የመዳፊት ሰሌዳውን ይወጋል። መብራት ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ይሆናል፤ የብሎን ስህተት የቦርድ ዋጋ ያስከፍላል። ይህንን ለመከላከል በነጭ ወረቀት ላይ የክዳኑን ቅርጽ ይሣሉና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ያስቀምጡ። ክዳኑ ሲነሣ መጀመሪያ የባትሪውን መሰኪያ ይንቀሉ። ቻርጀሩን መንቀል ብቻውን አይበቃም።

የወጣውን አሮጌ ራምና ዲስክ አይሽጡ። ላፕቶፑን ለዋስትና ሲልኩ እነሱን መልሰው ያስገቡ፤ አዲሱ ዲስክ ከነፋይልዎ ቤት ይቅር። አንዳንድ የአገልግሎት ማዕከል ዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል ሳይጠይቅ ያጠፋዋል።

ለባለሙያ ከሰጡ ደግሞ ገና ሳይከፍተው «እጅህ ላይ ቢበላሽ ማን ይከፍላል?» ብለው ይጠይቁት። በፈገግታ ብቻ የሚመልስ ካጋጠመዎት ላፕቶፑን ይዘው ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይሂዱ።