እከኩ ሲመላለስ፦ ባናውን ሳይቀቅሉ ማጽዳት

ቤተሰቡ የእከክ ቅባት ተቀብቶም በሽታው ሲያገረሽ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ያልተቀባ ሰው መኖሩ ነው፤ እከክ በዋናነት ከገላ ወደ ገላ ነው የሚተላለፈው። ሁሉም በአንድ ቀን ከተቀባ ቀጥሎ መኝታው ይፈተሽ። በወሎ ደጋ አንሶላና ጋቢ ሲታጠብ፣ ባናው (ከበግ ፀጉር የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ) ከባድና ቶሎ የማይደርቅ ስለሆነ ይታለፋል።

ባናን ግን አደራ፣ እንዳትቀቅሉት! የፈላ ውሃና ፍትጊያ የሱፉን ፀጉር እርስ በርሱ ያቆላልፈዋል፤ ተኮማትሮ እንደ ቆርበት ይደድራል፣ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

መላው ይኸውላችሁ። የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ውጭ ከ3 ቀን በላይ እምብዛም አይቆይም። ስለዚህ ቅባቱ በሚቀባበት ዕለት ባናውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ አፉን ጥብቅ አድርጎ አስሮ ለ7 ቀን መተው ነው። የማዳበሪያ ጆንያ ብቻውን አይበቃም፤ ሽመናው ክፍተት አለው። እስከዚያው የታጠበ ቡልኮ ይለበስ። አንሶላ፣ ጋቢና የተለበሰ ልብስ ከ50 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ ተዘፍዝፎ ይታጠብ፤ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ።

ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ወይም አዲስ ሽፍታ ከወጣ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።