«ማኖ!» ሲሉህ ፊሽካ ለመንፋት አትቸኩል

ጎንደር ውስጥ፣ አዘዞም ሆነ ማራኪ፣ የሰፈር ጨዋታ ስታጫውት ዋናው ጭቅጭቅ ማኖ ነው። ኳስ እጅ ስለነካ ብቻ ጥፋት አይሆንም። እጁን እይ፦ ሆን ብሎ ወደ ኳሱ ሰደደው? ወይስ ያለምክንያት ዘርግቶ ሰውነቱን አገዘፈበት? አንዱ ካለ ንፋ። ክረምት ላይ ጭቃው አንሸራቶት ሲወድቅ መሬት የተደገፈበትን እጅ ኳስ ቢመታው ግን፣ እኔ ብዙ ጊዜ «ቀጥል» ነው የምለው። ትከሻ አይቆጠርም፤ እጅ የሚባለው ከብብት በታች ያለው ነው።

ለግምት የማይተው ደግሞ አለ። አጥቂው ራሱ በእጁ ነክቶ ወዲያው ካገባ፣ ሳያውቅ እንኳ ቢሆን ጎሉ ይሻራል። በዕይታህ ቢከራከሩህ ጽና፤ ሕጉን ከሳትክ ግን ጨዋታው ዳግም ሳይጀመር አርመው።