ጀርባው ሳይደክም እጁ የሚለቅ ሰው፦ ስትራፕ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰፈራችን ጂም የሚመጣ አንድ ልጅ አለ። ገና ከበር ሲገባ ስትራፑን፣ ማለትም እጅን ከክብደት ማንሻው ብረት (ከባሩ) ጋር የሚያያይዘውን የጨርቅ ማሰሪያ፣ አስሮ ነው። ባዶ ባር ሲያነሳ እንኳ አይፈታውም። ባዶው ባር 20 ኪሎ ነው፤ ውሃ የሞላ ትልቁን ጀሪካን ያህል ማለት ነው። እናቱ ያንን ጀሪካን ያለ ምንም ማሰሪያ ደረጃ ያወጡታል።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፤ ከማሞቂያ ጀምሮ ማሰር። ጣቶቻችንን የሚያጥፉት ዋናዎቹ ጡንቻዎች ከክርን በታች፣ ክንዳችን ላይ ናቸው። እንደ ማንኛውም ጡንቻ ጫና ካላገኙ አይጠነክሩም። ዴድሊፍት (ባሩን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) 100 ኪሎ የምትሠሩ ከሆነ 60ውንና 80ውን በባዶ እጅ ሥሩ። 100 ላይ ጣታችሁ መከፈት ሲጀምር ያኔ እሰሩ።

ተቃራኒውም ስህተት ነው፤ እልህ። «ስትራፕ የደካማ ነው» ብለው ሙድ የሚይዙ አሉ። ጀርባቸው ገና አራት ድግግሞሽ ሲቀረው ጣታቸው ይለቅና ዙሩ እዚያው ያበቃል። እና ያን ቀን የሠራው ጀርባ ነው ወይስ ጣት? የጉልበት ውድድር ጀግኖቹ ኤዲ ሆል በ2016 እ.ኤ.አ. 500 ኪሎ፣ ሃፍቶር ቢዮርንሶን በ2020 እ.ኤ.አ. 501 ኪሎ ከመሬት ያነሱት በስትራፕ ነው። ደካማ የሚላቸው ካለ ይምጣ! ፓወርሊፍቲንግ የሚባለው የክብደት ማንሳት ውድድር ለመግባት የምታስቡ ግን እዚያ ስትራፕ ስለማይፈቀድ ዋናውን ልምምዳችሁን በባዶ እጅ ልመዱ።

አስተሳሰሩን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ማሰሪያው አንጓችሁ ላይ ሲገባ ትርፉ ጨርቅ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ወደ ታች ይውረድ። ከዚያ ከእናንተ በኩል በባሩ ሥር አሳልፉትና በወዲያኛው ጎን አዙራችሁ በላይ ወደ ራሳችሁ መልሱት። ጣቶቻችሁ ከሚዞሩበት በተቃራኒ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። አንድ ወይም ሁለት ዙር ይበቃል። ከዚያ ባሩን ወደ እናንተ ጠምዘዝ ስታደርጉት ጥብቅ ይላል። ጨርቁ ጣቶቻችሁ በዞሩበት አቅጣጫ ከተጠመጠመ ግን ጣት ሲከፈት እሱም አብሮ ይፈታል።

ክሊን (ባሩን ከመሬት በፍጥነት ወደ ትከሻ ማውጣት) ስትሠሩ ስትራፕ በጭራሽ አትሰሩ። ባሩ ትከሻ ላይ ሲያርፍ አንጓችሁ ይታጠፋል። ነገር ከተበላሸ ደግሞ ጥላችሁት ማምለጥ አትችሉም።

አንዳንዴ ጥፋቱ የአያያዝ ሳይሆን የላብ ነው። ላብ ከሆነ ስትራፕ ሳይሆን የጂም ቾክ ነው መድኃኒቱ። ቾኩ ማግኒዥየም ካርቦኔት ነው፤ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ አይደለም። እኔ ጠመኔ ፈጭቼ ሞክሬ ከላቤ ጋር ሊጥ ሆኖብኛል።

የመጨረሻው ስህተት፣ ስፕሪንግ ያላትን የእጅ መጭመቂያ ታክሲ ውስጥ እየጨመቁ «ግሪፕ (የመጨበጥ ጉልበት) እየሠራሁ ነው» ማለት ነው። እሷ አትጎዳም፤ ብቻዋን ግን ባር ይዞ መቆየትን አታስተምርም። ፑል አፕ ባር ላይ 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ ተንጠልጠሉ። ወይም ሁለት የሞሉ ጀሪካኖች አንስታችሁ ግቢውን ዙሩ። ቀላል ሲሆንባችሁ እጀታውን በጨርቅ ጠምጥማችሁ አወፍሩት፤ ክብደቱ ያው ሆኖ ለጣት ይከብዳል። ይሄን ሁሉ ከጀርባ ልምምድ በኋላ እንጂ በፊት አታድርጉት፤ አለበለዚያ በደከመ ጣት ዴድሊፍት ጀምራችሁ ያችኑ ስትራፕ ትፈልጋላችሁ።