ተርኪ ትልቅ ዶሮ አይደለም፦ ከዶሮ ጋር ስታሳድጉት የምትሠሯቸው ስህተቶች

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው "ዶሮ አሳድጌያለሁ፣ ተርኪ ምን ያቅተኛል?" ከማለት ነው። እኔም እንዲያው ብዬ ነው የጀመርኩት።

ከባዱን ላስቀድም፤ ዶሮ ለዓመታት ሲጭረው በኖረ መሬት ላይ ተርኪ መልቀቅ። ብላክሄድ (ጥቁር ራስ) የሚባል በሽታ አለ። አምጪው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ሲሆን፣ የዶሮ አንጀት ውስጥ የሚኖር ትንሽ ትል በሚጥለው እንቁላል ውስጥ ተደብቆ ይጓዛል። ዶሮዋ ይህን ሁሉ ተሸክማ ምንም ሳትሆን ትዞራለች፣ ተርኪው ግን ጉበቱ ይቆስላል፣ ብዙ ጊዜም አይተርፍም። የትሉ እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ዶሮዎቹን ዛሬ ብታስወጡም ነገ መሬቱ ንጹሕ አይሆንም። ጭንቅላቱ እስኪጠቁር አትጠብቁ፣ ላይጠቁር ይችላል። ኩሱን እዩ። እንደ ድኝ ቢጫ ከሆነ፣ ክንፉንም ጥሎ ጥግ ይዞ ከቆመ፣ በዚያው ቀን ለዩትና ሐኪም ጋ ውሰዱት። የሚሻለው ግቢያቸውን መለየት ነው። ካልተቻለ፣ ሐኪም አማክራችሁ ለዶሮዎቹ የትል መድኃኒት ስጡ፣ ማደሪያውንም ደረቅ አድርጉ። አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

መኖ ማካፈል ሌላው ነው። ለዶሮ ጫጩት ከ18 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ይበቃል፣ የተርኪ ጫጩት ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 28 በመቶ አካባቢ ይፈልጋል። የእንቁላል ጣዮች መኖማ ለጫጩት አይሞከርም፤ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ኩላሊት ይጎዳል።

ደግሞ የተርኪ ጫጩቱን "ሲርበው ራሱ ይበላል" ብላችሁ አትተዉት። መኖው ፊቱ ተቀምጦ በረሃብ የሚሞት ጫጩት ነው፣ ቀልዴን አይደለም! በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን ይዤ ምንቃሩን ውሃ ነከር አደርጋለሁ። ውሃው ውስጥም ሁለት ሦስት ብይ እጥላለሁ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ይስባቸዋላ። አንዱ ብዩን ልንቆር ሲል ሳያስበው ውሃ ቀመሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደገና ተመለሰበት። ሌሎቹም ተከተሉት።

ወንድ ተርኪ ብቻውን ማሳደግም ጣጣ አለው። ሰው እጅ ላይ ብቻ ያደገ እንደሆነ፣ ሲጎረምስ እናንተን ወይ ሚስቱ ወይ ባላንጣው ያደርጋችኋል። ወይም ሴት ዶሮ ላይ ይወጣና በክብደቱ ይጎዳታል። ከአውራ ዶሮ ጋር ደግሞ የጠባቸው ደንብ አይገጥምም፦ ተርኪ አንገት ለአንገት ተያይዞ ይገፋፋል፣ አውራ ዶሮው ዘሎ በእግሩ እሾህ ይወጋል።

ቆጡን ዝቅ አድርጉት፤ ከባድ ዝርያ ከከፍታ ሲዘል እግሩን ይጎዳል። የቤቱንም በር ለኩት። የእኔ በር በዶሮ ልክ የተሠራ ስለነበር፣ አንድ ማታ ተርኪዬን ደረቱ ተቀርቅሮ፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ አገኘሁት፤ ዶሮዎቹ ከኋላው ተሰልፈው ይጠብቃሉ።