“የአለርጂ ክኒን ካንሰር ያቆማል” ሲባል ወሬውን እንዴት እንደምናጣራው

ድሬ አቧራው ሲነሳ ቤቱ ሴትሪዚን ወይ ሎራታዲን የሚባል የአለርጂ ክኒን የሌለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው፣ ለጨጓራ ሲሜቲዲን የሚውጥም አለ፣ ስለዚህ ቴሌግራም ላይ “ሂስታሚን ካንሰር ያሳድጋል፣ የአለርጂ ክኒን ያቆመዋል” የሚል ነገር ሲላክ ሰው ቶሎ ቢያምን አይገርምም። ቤቱ ታማሚ ያለበትማ ምን ያርግ፣ ያገኘውን ተስፋ ይይዛል። ግን እባካችሁ ክኒን ከመጀመራችሁም ከማቆማችሁም በፊት እንዲህ አጣሩት።

መጀመሪያ ሂስታሚን ምን እንደሆነ ያዙ። ሰውነታችን ሂስቲዲን ከሚባል አሚኖ አሲድ የሚሰራው ኬሚካል ነው፣ ማስት ሴል የሚባሉ የበሽታ መከላከያ ሴሎች አከማችተው ይይዙትና አለርጂ ሲነሳ ይለቁታል፣ ማሳከኩም ማስነጠሱም ከሱ ነው። አንዳንድ የካንሰር ሴሎችም ራሳቸው ይሰሩታል፣ ስለዚህ ወሬው ከባዶ ሜዳ አልተነሳም።

ቀጥሎ “በየትኛው ሪሰፕተር?” በሉ። ሴሎች ሂስታሚንን የሚቀበሉባቸው አራት ዓይነት ሪሰፕተሮች አሉ፣ ከኤች 1 እስከ ኤች 4። ጀጎልን በሸዋ በር የገባና በኤረር በር የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሰፈር እንደሚለያየው ሁሉ፣ በኤች 1 የገባው መልእክት ሴሉ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ያደርጋል፣ በኤች 2 የገባው ደግሞ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለውን ሌላ መልእክት አቀባይ ኬሚካል። ሴትሪዚንና ሎራታዲን የሚዘጉት ኤች 1ን ነው፣ ሲሜቲዲን ኤች 2ን። ይሄን ሳይለይ በጅምላ የሚያወራ ጽሁፍ ካያችሁ እለፉት።

መጠኑንም ጠይቁ። ላብራቶሪ ውስጥ በሚያድጉ አንዳንድ የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ ትንሽ ሂስታሚን ሲጨመር እንቅስቃሴያቸው ጨምሯል፣ መጠኑ ከፍ ሲል ግን ቀንሷል። ያው ሂስታሚን፣ ያው ሴል!

አሁን ዋናው፣ “አደገ” እና “ተንቀሳቀሰ” ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እድገት ማለት ሴሉ እየተከፈለ ሲበዛ ነው፣ እንቅስቃሴ ደግሞ ከቦታው ለቆ ሲሄድ፣ ካንሰር ወደ ጉበትና ሳንባ የሚሰራጨውም መንቀሳቀስ ስለሚችል ነው። እንቅስቃሴን የሚለኩበት አንዱ መንገድ በጣም ቀላል ነው። ሴሎቹ የላብራቶሪ ሳህን ወለል እስኪሸፍኑ 37 ዲግሪ ላይ ያሳድጓቸዋል፣ ከዛ በቀጭን የፒፔት ጫፍ መሃሉን አንዴ ጭረው የተነቀሉትን ሴሎች ያጥባሉ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሁለት የሴል ዳርቻና በመሃላቸው ባዶ መንገድ ይቀራል። ፎቶ ያነሳሉ፣ ለአንዱ ሳህን ሂስታሚን ይጨምራሉ ሌላውን ያለ ሂስታሚን ይተዉታል፣ ለምሳሌ ከ24 ሰዓት በኋላ ደግመው አንስተው ክፍተቱ ስንት እንደጠበበ ያወዳድራሉ። ችግሩ ክፍተቱ ሴሎቹ ተከፍለው ስለበዙም ስለሄዱም ሊሞላ ይችላል፣ ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ሴሎቹን እንዲከፈሉ የሚያነሳሳውን ሴረም የሚባል ምግባቸውን ይቀንሳል ወይ ሴል እንዳይከፈል የሚያደርግ መድሃኒት ይጨምራል። ይሄ ካልተደረገ “ሂስታሚን ካንሰርን አስኬደ” የሚለው ድምዳሜ ላላ ያለ ነው፣ እኔ አላምነውም።

ከዛ “ሳህን ላይ ነው ወይስ ሰው ላይ?” ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰው ውስጥ የበሽታ መከላከያ ሴሎችም አሉና ታሪኩ ይቀየራል። አንድ ጥናት ላይ ሂስታሚን ማክሮፌጅ የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች በኤች 1 በኩል ይዞ ቲ ሴል የሚባሉት ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ካንሰሩን እንዳይዋጉ ሲያዳክም ታይቷል፣ ኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያግዝ ሕክምና) እየወሰዱ የኤች 1 መድሃኒት የወሰዱ ታማሚዎችም የተሻለ ውጤት ነበራቸው፣ ግን ይሄ መዝገብ ወደ ኋላ ታይቶ የተገኘ ስለሆነ ክኒኑ ነው ያዳናቸው ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል አውሮፓ በ2008 እ.ኤ.አ. ሂስታሚንን ራሱን ኢንተርሉኪን 2 ከሚባል የመከላከያ ሴሎችን ከሚያነቃቃ መድሃኒት ጋር ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር መድሃኒት አድርጋ ፈቅዳለች፣ በሽታው እንዳይመለስ። አያችሁ፣ አንዱ ጋ የሚዘጋው ሌላው ጋ በመርፌ ይሰጣል።

ካንሰር ክፍል ውስጥ ፓክሊታክሴል ከሚባለው የኬሞ መድሃኒት በፊት የአለርጂ መድሃኒት ሲሰጥ ያየ ሰውም “ይኸው ለካንሰር ይሰጣል” እንዳይል፣ እሱ ኬሞው አለርጂ እንዳያስነሳ ነው።

በመጨረሻ፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የምትታከሙም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ቤት ውስጥ የምትወስዱትን የአለርጂና የጨጓራ ክኒን ከነፓኬቱ ይዛችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ። በተለይ ሲሜቲዲን ጉበት ሌሎች መድሃኒቶችን የሚያስወግድበትን መንገድ ስለሚያዘገይ መጠናቸው ደም ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል፣ እናታችሁ ወይ አባታችሁ “ይቺ የጨጓራ ናት” ብለው ሳይናገሩ እንዳያልፏት እናንተው አስታውሱላቸው።