ፕሮግራሙ ሳይጠብቅህ ካለፈ ኢንተሯን ፈልጋት

ዕድሜ ጠየቀህ፣ 20 ብለህ ኢንተር መታህ። ቀጥሎ «ልቀጥል? ዋይ ወይም ኤን» ብሎ መልስህን መጠበቅ ሲገባው ዞር ብሎም ሳያይህ አልፎ ሄደ። ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመረ ሰው እዚህ ጋ አንዴ ሳይወድቅ አይቀርም። እኔማ ኪቦርዴ ተበላሽቷል ብዬ የሰው ላፕቶፕ ተውሼ ሞክሬያለሁ። እዚያም ያው።

ኪቦርዱ ደህና ነው። ኢንተር ስትመታ እሷም እንደ ሌላው ፊደል ትገባለች፤ የራሷ ቁጥር አላት፣ 10። ከኪቦርድ የሚያነበው የሲ ትእዛዝ፣ ስካንኤፍ፣ በፐርሰንት ዲ ቁጥር አንብብ ሲባል 20ን ያነሳና ኢንተሯን ባፈሩ (ጽሑፍ ተራ የሚጠብቅበት ማቆያ) ውስጥ ትቷት ይሄዳል። ቀጥሎ በፐርሰንት ሲ አንድ ፊደል አንብብ ስትለው ከፊት ተሰልፋ የሚያገኛት እሷን ነው፣ እሷኑ ወስዶ ጉዳዩን ይጨርሳል። አልዘለለህም ማለት ነው። አንብቧል፣ ግን አንተ ያሰብከውን አይደለም።

መፍትሄው ያስቃል። እዚያው የስካንኤፉ ጥቅስ ምልክት ውስጥ፣ ከፐርሰንት ሲ በፊት አንድ ስፔስ ጨምር። ያቺ ስፔስ ከፊት የተሰለፈውን ባዶ ቦታና ኢንተር ሁሉ ታስዘልልሃለች። ኤስቲዲኢንን (የኪቦርዱን መግቢያ) በኤፍፍላሽ (ባፈር ማስወጫው ትእዛዝ) አጽዳ የሚሉህን ግን አትስማ፤ የሲ ደንብ ለዚህ ዋስትና ስለማይሰጥ አንዱ ማሽን ላይ ሰርቶ ሌላው ላይ ይከዳሃል። ሲ++ ላይ ሲን በሚባለው ማንበቢያ ቁጥር አንብበህ ሙሉ መስመር የሚያነበውን ጌትላይን፣ ጃቫ ላይም ቁጥር ከሚያነበው ኔክስትኢንት በኋላ መስመር የሚያነበውን ኔክስትላይን ስትጠራ በሽታው ያው ነው። ለመጀመሪያው መሃል ላይ ሲን ኢግኖር፣ ለሁለተኛው አንድ ትርፍ ኔክስትላይን ይበቃል።

ግራ ሲገባህ ያነበብከውን ፊደል ሳይሆን ቁጥሩን አሳትም። 10 ከወጣ ሌባዋ ተያዘች።

ቁጥር ሲጠበቅ «አቤ» ብትጽፍስ? ስካንኤፍ አይነካውም፣ እዚያው ይተወዋል፤ ሉፕ (ድግግሞሽ) ውስጥ ከሆንክ ያንኑ ደጋግሞ እየሞከረ ስክሪኑ በጽሑፍ ይጥለቀለቃል። የኮንትሮልና የሲ ቁልፎችን አብረህ ተጭነህ አስቁመው። ከዚያ ስካንኤፍ የሚመልሰውን ፈትሽ፦ ቁጥሩን ካገኘ 1፣ ካላገኘ 0። 0 ከሆነ እስከ ኢንተር ያለውን አንብበህ ጣለው።

ፓይተን ላይ 5 እና 5 ደምሮ 55 ካለህ፣ ማንበቢያው ኢንፑት የሚሰጥህ ቁጥር ሳይሆን ስትሪንግ (ጽሑፍ) ስለሆነ ነው። በኢንት ወደ ቁጥር ቀይረው።

ፕሮግራሙ ከመሞቱ በፊት ማሳተም የነበረበትን ሳያሳትም ከሞተ ደግሞ ጽሑፉ ባፈር ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ስህተት ስታድን ከማሳተሚያው ፕሪንትኤፍ ቀጥሎ ኤስቲዲአውትን (የስክሪኑን መውጫ) በኤፍፍላሽ አስወጣ፤ እዚህ ላይ ኤፍፍላሽ ትክክለኛ ቦታው ነው።

የኛ የብቻችን ጣጣም አለ። ዊንዶውስ ላይ አማርኛው የማይነበብ ምልክት ሆኖ ከወጣ መጀመሪያ ሲኤችሲፒ 65001 ብለህ ጽፈህ ኮንሶሉን (የትእዛዙን መስኮት) አማርኛን ወደሚይዘው የፊደል ኮድ፣ ዩቲኤፍ 8፣ ቀይር፤ አራት ማዕዘን ብቻ ካየህ ግን ፎንቱ ነው። «ሰላም»ን ፊደል ሳይሆን ባይት በሚቆጥረው ስትርሌን ስትቆጥር 9 ቢልህም አትደንግጥ፣ በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል።