የፓይለት አድማ ሲመጣ ትኬታችሁን ራሳችሁ አትሰርዙ

አንድ ዓመት ለጥምቀት ከጀርመን ልትመጣ የነበረች የእህቴ ልጅ ሌሊት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ፓይለቶቹ አድማ ሊመቱ ነው አሉ፣ ትኬቱን ልሰርዘው?» እኔም የማውቅ መስሎኝ «ሰርዢው» አልኳት። ሁለት ቀን አልቆየም፣ አየር መንገዱ ራሱ በረራውን ሰረዘው። ሌላው ተሳፋሪ ገንዘቡ ሙሉ ተመለሰለት፤ የእሷ ግን በራሷ ፈቃድ እንደተወችው ተቆጥሮ ግማሹ እንኳ አልተመለሰም። እዚህ ጎንደር ጠላው ተጠምቆ፣ በጉ ታስሮ ነበር። እህቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠብቁ። ፓይለቶችና አየር መንገዶች በደሞዝና በጡረታ ሲጣሉ ወሬው ቀድሞ ይሰማል፣ አንዳንዴም በመጨረሻው ሰዓት ይስማሙና አድማው ይቀራል። እስከዚያው ስልካችሁ ቡኪንጉ ላይ መመዝገቡን አረጋግጡ። ትኬቱን ኤጀንት ከቆረጠው ብዙ ጊዜ ያለው የኤጀንቱ ስልክ ነው፣ መልእክቱም እዚያው ይቀራል።

በረራው ከተሰረዘ ምርጫው የእናንተ ነው፤ ወይ ገንዘብ፣ ወይ ሌላ በረራ። ይህ ከአውሮፓ ኅብረት አገር ለሚነሳ ማንኛውም በረራ ይሠራል፤ ወደዚያ ለሚሄድ ደግሞ አየር መንገዱ የኅብረቱ ከሆነ ነው። ለበዓል የምትመጡ ከሆነ ገንዘቡን ቶሎ አትቀበሉ፣ ምክንያቱም ያን ከተቀበላችሁ እናንተን የማድረስ ግዴታቸው አበቃ፣ በዚያ ሰሞን አዲስ ትኬት ደግሞ እሳት ነው። «በሌላ አየር መንገድም ቢሆን አድርሱኝ» በሉ። ቫውቸር (በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ለሌላ ትኬት የሚሰጥ ወረቀት) ካልፈለጋችሁ አትፈርሙ። ስትጠብቁ ምግብና ሆቴል የእነሱ ዕዳ ነው፣ ካልሰጡ ደረሰኝ ያዙ።

ካሳም አለ። አየር መንገዶች «አድማ ከአቅማችን በላይ ነው» ማለት ይወዳሉ። በሚያዝያ 2011 የስካንዲኔቪያው ኤስ.ኤ.ኤስ. ፓይለቶች በደሞዝ ጉዳይ ለ7 ቀን ሥራ አቁመው ከ4,000 በላይ በረራ ሲሰረዝ ኩባንያው ይህንኑ ብሎ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በመጋቢት 2013፣ የገዛ ሠራተኛህ ደሞዝ ይጨመርልኝ ብሎ ቢያድም ያው የሥራህ አካል ነው ብሎ ፈረደበት። ስለዚህ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ለሚያህል መንገድ፣ ስረዛው ከ14 ቀን ባነሰ ጊዜ ከተነገራችሁና ተለዋጩ በረራ ብዙ የሚያዘገይ ከሆነ፣ እስከ 600 ዩሮ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የጎንደሯን በረራ አትርሱ። ከቦሌ ጎንደር ያለውን ለብቻው ከቆረጣችሁ የውጭው አየር መንገድ አይገደውም፣ ቀኗን ቀድማችሁ አስለውጡ። ከዚህ የምትነሱ ደግሞ ጉዞው በሙሉ በአንድ ትኬት ከሆነ፣ «የፍራንክፈርቱ ተሰርዟል» ብላችሁ ዝም ብላችሁ አዘዞ፣ የጎንደር ኤርፖርት፣ ሳትመጡ ብትቀሩ፣ ቀሪው መንገድ ሁሉ ሊሰረዝባችሁ ይችላል። መጀመሪያ ትኬቱ ይቀየር።

እናታችሁን ወደ ካናዳ የምትልኩ ከሆነ ተለዋጩ መንገድ በየት እንደሚያልፍ ጠይቁ። በፍራንክፈርት በኩል የነበረውን በፍራንክፈርትና በፓሪስ ቢያደርጉላት ሁለቱም ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ስለሆኑ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መብረርም እንደ መግባት ስለሚቆጠር የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋታል፤ የካናዳው ቪዛ አያሻግራትም። «አንድ የሸንገን ኤርፖርት ብቻ» ብላችሁ በወረቀት ጻፉና ከፓስፖርቷ ጋር አስይዟት። ካውንተሩ ጋ ስትደርስ ስልኳ ቻርጅ ሊጨርስ ይችላል።